የነጠላው ነጭና የወረቀቱ ነጭ

ስለ ፎቶግራፍ ማተሚያ የጥበብ ወረቀቶች የቀረበ ሒሳዊ ምዘና

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በሐረር ከተማ በንግድ ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ከሊዮን ባስመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያ ራሱን በራሱ ያነሣቸውን ምስሎች እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1883 በጻፈው ደብዳቤ ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። በደብዳቤውም ስለ ምስሎቹ ይቅርታ አዘል ማብራሪያ አክሏል፤ ይኸውም የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ሁሉም መንጣታቸውን፣ ወደፊት ግን የተሻለ ሥራ እንደሚሠራ የሚገልጽ ነው። ከእነዚህ ምስሎች ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ፤ የባለቅኔው ፊት ግን ከጉም በስተጀርባ እንደቆመ ሰው ደብዝዟል።

ይህች ታሪክ በሥነ ግጥም ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ብትሆንም፣ ስለ ፎቶግራፍ ለሚያስብ ሰው ሌላ ቁም ነገር ትይዛለች። በዚህ ሞቃትና ጨዋማ በሆነ የዓለም ክፍል የምስል ጠላት ብዙውን ጊዜ ካሜራው አይደለም፤ ምስሉ ያረፈበት ነገርና ከዚያ በኋላ የሚያገኘው አየር፣ ውሃና ብርሃን ነው። ከራምቦ ዘመን ወዲህ ካሜራው ተለውጧል፤ ጨለማ ክፍሉም ቀርቷል። ምስሉ ዛሬ በኮምፒዩተር ተስተካክሎ፣ እጅግ ደቃቅ የቀለም ጠብታዎችን በሚረጭ ማተሚያ፣ በተለምዶ ኢንክጄት በሚባለው መሣሪያ፣ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ጥያቄው ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ይህ ፊት በዚህ ወረቀት ላይ ስንት ዓመት ይቆያል? ቆይቶስ የማንን መልክ ይዞ ይቆያል?

ጥያቄው የሠዓሊያንና የዐውደ ርእይ አዘጋጆች ብቻ አይደለም። በካርቲየ 7 ቢስ፣ እንደ ሌሎቹ የጅቡቲ ከተማ ሠፈሮች ሁሉ፣ በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ተደርጎ አይታይም። በድሬዳዋ ወይም በጎንደር የቀረች እናት፣ በሠርግ ቀን ጎን ለጎን የቆሙ ሙሽሮች፣ ካባ ለብሶ የተመረቀ ወንድም፣ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየ አባት በዚያ ፍሬም ውስጥ ናቸው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው መቃብር ሄዶ ሊያለቅስ፣ በዓል ጠብቆ ሊጠይቅ ባይችል፣ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያች ምስል ነው። ስለዚህም ምስሏ የታተመችበትን ወረቀት መመዘን የቤተሰብ ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥላሸትና ሻይ

ስለ ወረቀት ከመናገር አስቀድሞ ስለ ቀለሙ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ናቸውና አንዱን ያለ ሌላው መፍረድ አይቻልም። በኢንክጄት ማተሚያ የሚያገለግሉት ቀለሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዳይ የሚባለው፣ በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟው ነው። ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ እንዴት እንደሚቀልም የሚያውቅ ሰው የዳይን ጠባይ ያውቃል፤ ቶሎ ይሰርጋል፣ ያምራል፣ ይደምቃል፣ ውሃ ሲያገኘው ግን ይሄዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ይለቅቃል። ሁለተኛው ፒግመንት ሲሆን፣ በፈሳሹ ውስጥ ሳይሟሟ የተንሳፈፈ እጅግ የላመ ዱቄት ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ከብዙ ሞለኪውሎች የተጠራቀመ በመሆኑ፣ ብርሃን የላይኛውን ቢያጠፋ የውስጠኛው ይተርፋል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ ካርቦን፣ ማለትም በዓለም ላይ ከሚታወቁት ፒግመንቶች ሁሉ ጽኑው ነው። በዐድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በራዲዮካርቦን ተመርምሮ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ተገምቷል፤ ጽሑፋቸው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ዘመናዊዎቹ የፒግመንት ማተሚያዎችም ለጥቁሩ የሚጠቀሙት ይህንኑ ካርቦን ነው። ጸሐፍቱ ያወቁትን ነገር ኢንዱስትሪው ዘግይቶ ደረሰበት ማለት ነው።

የዘገየበት ታሪክም አስተማሪ ነው። በዲጂታል መንገድ የጥበብ ሥራ ማተም ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1991 ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ በካሊፎርኒያ ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን ማተሚያ ቤት ሲከፍት ነው። በዚያው ዓመት የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ ጃክ ዱጋን ለእነዚህ ኅትመቶች «ዢክሌ» የሚል የፈረንሳይኛ ስም አወጣላቸው። ፈረንሳይኛ የሚሰማ የጅቡቲ ነዋሪ እንደሚረዳው ቃሉ ከመርጨት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ገበያው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች ዳይ ስለነበሩ ግን ማዕረጉ ከመድመቅ አላዳናቸውም፣ ከመድበስበስም አላስጣላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ኤፕሰን ስታይለስ ፎቶ 870 እና 1270 በተባሉ ማተሚያዎች በአንድ ዓይነት አንጸባራቂ ወረቀት ላይ የታተሙ ፎቶግራፎች በአንዳንድ ቦታ በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ወደ ብርቱካናማነት መለወጣቸው ብዙ አነጋገረ። ጥፋቱ የብርሃን አልነበረም፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን በወረቀቱ ደቃቅ ቀዳዳዎች ገብቶ ሰማያዊውን ቀለም በልቶት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጥሩ የተባለ ቀለም ጥሩ ከተባለ ወረቀት ጋር ቢገናኝም፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ትዳሩ አይጸናም።

ነጭ የሚባለው የትኛው ነው?

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በገበያ ላይ ያሉት የፎቶግራፍ ወረቀቶች በሦስት ቤተሰብ ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በሁለቱም ገጽ በፕላስቲክ የተለበጠው፣ በብዙ ፎቶ ቤቶች የሚታየው አንጸባራቂ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ከእንጨት ተጣርቶ ከወጣ ሴሉሎስ የሚሠራው ነው። ሦስተኛውና በክብር ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው ከመቶ እጅ ጥጥ የሚሠራው ነው።

ጥጥን ለሐበሻ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። እናቶች በእንዝርት የሚፈትሉት ረጅሙን የጥጥ ቃጫ ሲሆን፣ የጥበብ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ጥጡ ከተዳመጠ በኋላ በፍሬው ላይ ተጣብቆ ከሚቀረው አጭር ፀጉር ነው። ለሸማኔው የማይረባው ለወረቀት ሠሪው ወርቅ ነው። ጥጥ በተፈጥሮው ንጹሕ ሴሉሎስ ሲሆን፣ በእንጨት ውስጥ የሚገኘውና ጋዜጣን በፀሐይ የሚያቢጨው ሊግኒን የተባለው ነገር የለበትም። ከእንጨት የሚሠራውም ወረቀት ሊግኒኑ በሚገባ ከተወገደና አሲድን የሚያበርድ የኖራ ውሁድ ከተጨመረበት ረጅም ዕድሜ አለው፤ «እንጨት ሁሉ መናኛ፣ ጥጥ ሁሉ ቅዱስ» የሚለው የሻጮች ስብከት ስለዚህ ሙሉ እውነት አይደለም።

ዋናው ፈተና ያለው ንጣቱ ላይ ነው። ገዢ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀርብለት ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ይበልጥ የነጣውን ነው። ያ ንጣት ግን በአብዛኛው የወረቀቱ የራሱ አይደለም። በልብስ ሳሙና ውስጥ እንደሚጨመረው ያለ የማንጫ ኬሚካል ተጨምሮበታል፤ ኬሚካሉ ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። ስለሆነም ወረቀቱ በመስኮት ብርሃን ሲታይ እንደ በረዶ ይነጣል፤ አልትራቫዮሌት በሌለበት የኤልኢዲ አምፖል ሥር ሲታይ ግን ንጣቱ ይጠፋል። ከዚህ የከፋው ኬሚካሉ በብርሃን ብዛት ሲደክም ነው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ የተበደረውን ንጣት መልሶ ቢጫ ይሆናል። ቀለሙ ሳይነካ ምስሉ ያረጃል።

ይህን ለመመርመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሐሰተኛ የገንዘብ ኖት ለመለየት የሚያገለግለውን አነስተኛ የአልትራቫዮሌት መብራት በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ ማብራት በቂ ነው። የወረቀት ገንዘብ በብዙ አገር የሚታተመው የማንጫ ኬሚካል በሌለበት የጥጥ ወረቀት ላይ በመሆኑ በዚህ መብራት ሥር ከምልክቶቹ በስተቀር ጨለም ብሎ ይታያል፤ ተራ ወረቀት ግን ሰማያዊ ሆኖ ይቦግጋል። ፎቶግራፍ አሳታሚም ወረቀቱን እንደ ገንዘብ ቢፈትሽ ማን ይከለክለዋል?

ለኢትዮጵያውያን ምስል ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በምስሎቻችን ውስጥ ነጠላ አለ። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ነጭ ነው፤ ነጭነቱ ግን የወተት እንጂ የበረዶ አይደለም። በውስጡ የድሩና የማጉ ጥላ፣ የእጥፋቱ ግራጫ፣ የጥለቱ ነጸብራቅ አለ። ኬሚካል በበዛበት ወረቀት ላይ ሲታተም ያ ሁሉ በሰማያዊ ብልጭታ ይዋጣል፤ ነጠላው ከፋብሪካ የወጣ አንሶላ ይመስላል። ኬሚካል በሌለበት የጥጥ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ጥጡ በጥጥ ላይ ያርፋል። ከጀርመን ፋብሪካ ሃነሙለ (የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1584 ነው) የሚወጣው በካሬ ሜትር 308 ግራም የሚመዝነው ፎቶ ራግ ለስለስ ባለ ገጽታው ለዚህ ሥራ ስሙ የተጠራ ነው። ከ1557 ጀምሮ ታሪኩን የሚቆጥረው የፈረንሳዩ ካንሶን ራግ ፎቶግራፊክ 310 የተባለው ወረቀትም ከነጭራሹ የማንጫ ኬሚካል የሌለበት ነው። ኤፕሰን በበኩሉ አንድን ወረቀት በሁለት መልክ ማቅረቡ ለመማሪያ ይጠቅማል፤ ሆት ፕሬስ ብራይት ኬሚካሉ ያለበት፣ ሆት ፕሬስ ናቹራል የሌለበት ሲሆን፣ ሁለቱም በካሬ ሜትር 330 ግራም የሚመዝኑ የጥጥ ወረቀቶች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የነጠላ ምስል ያተመ ሰው ክርክሩን በዓይኑ ይዘጋዋል።

የጥቁሩ ጥልቀት

ነጩ የወረቀቱ እንደሆነ ሁሉ ጥቁሩም ባመዛኙ የወረቀቱ ነው። የጥቁር ጥልቀት በልዩ መሣሪያ የሚለካ ሲሆን፣ ጥሩ የሚባል ማት፣ ማለትም የማያንጸባርቅ ወረቀት፣ ወደ 1.6 ወይም 1.7 ይደርሳል፤ አንጸባራቂውና ባሪታ የተባለው ወረቀት ግን 2.3ን ያልፋል። ልኬቱ የሎጋሪዝም በመሆኑ ልዩነቱ ቁጥሩ ከሚመስለው እጅግ የሰፋ ነው፤ ከማት ወረቀት ጥቁር የሚመለሰው ብርሃን ከባሪታው ጥቁር ከሚመለሰው አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ለምን ያሳስባል? የጠይም ወይም የጥቁር ሰው ፊት ያለው በዚያ የታችኛው ክልል በመሆኑ ነው። የጉንጭ ጥላ፣ የዓይን ጉድጓድ፣ በፀጉርና በግንባር መካከል ያለው ድንበር ሁሉ የሚጻፈው በጨለማው ወገን ነው። የፎቶግራፍ ኢንዱስትሪ ይህን ክልል ለረጅም ዘመን ቸል ብሎት ኖሯል፤ ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ያድለው የነበረው ሸርሊ በመባል የታወቀው የቀለም መለኪያ ካርድ ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፊት ብቻ የያዘ ነበር። ፊልሙም ማተሚያውም የተቃኘው በእርሷ ቆዳ ነው። ካርዱ ዛሬ የለም፤ ልማዱ ግን በወረቀት ማስታወቂያ ውስጥ አልጠፋም። የናሙና ምስሎቹ የበረዶ ተራራና ሐመር ፊት የሚበዙባቸው እስከሆኑ ድረስ፣ ገዢው ወረቀቱ የእናቱን ፊት እንዴት እንደሚይዝ ከእነርሱ ሊያውቅ አይችልም።

እዚህ ላይ የጥጥ ማት ወረቀት አፍቃሪዎች ሊሰሙት የሚገባ ተቃውሞ አለ። ማት ወረቀት ነጠላውን ያከብራል፤ ፊቱን ግን አንዳንድ ጊዜ ያጎድላል። በጥላ ውስጥ የቆመ ጠይም ሰው በማት ወረቀት ላይ ሲታተም ጥላውና ፊቱ አንድ ወጥ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ብልህ አታሚ ለወረቀቱ የተዘጋጀውን የቀለም ፕሮፋይል ተጠቅሞ ጥላውን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህን የማያደርግ ግን በውድ ወረቀት ላይ ርካሽ ሥራ ይሠራል። ለዚህ ዓይነቱ ምስል የሚሻለው ባሪታ ነው። ባሪታ ማለት ባርየም ሰልፌት የተባለው ነጭ ማዕድን በወረቀቱና በቀለም ተቀባዩ ሽፋን መካከል የተቀባበት ወረቀት ሲሆን፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በጨለማ ክፍል የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ወረቀት መሠረት ሆኖ አገልግሏል። አያቶች በአልበም ያስቀመጧቸው፣ ጠርዛቸው የተቆረጠ የጥንት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የዚህ ዘር ናቸው። ባሪታ ባይኖርበትም መልኩ ለዚያ የሚቀርብና የማንጫ ኬሚካል የሌለበት የጥጥ ወረቀትም አለ፤ ከእነዚህ አንዱ የካንሶን ፕላቲን ፋይበር ራግ ነው።

ሁለት የፎቶግራፍ ባለሙያዎች፣ ሁለት ጥያቄዎች

ወረቀት በባዶው አይመዘንም፤ ምስል ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ፣ ዎተርኤይድ ለተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከጅቡቲ ብዙ በማይርቀው በአፋር፣ በዳሎል የሠራቻቸው «ዎተር ላይፍ» የተባሉ ምስሎች ጥሩ ፈተና ናቸው። ቀዩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው በሰፊው ተነጥፈዋል፤ የሴቶቹ ፊትና አካል በቀለም ተቀብቷል። እንዲህ ያለው ሰፊና አንድ ወጥ ቀለም የወረቀትን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ሻካራ ወረቀት ቢመረጥ የወረቀቱ ሸካራነት ከአልባሳቱ ጋር ይጋጫል፤ እጅግ አንጸባራቂ ቢመረጥ ተመልካቹ በጥቁሩ ውስጥ የራሱን ፊት ያያል። ለስላሳ ማት ወረቀት ቀዩን ከመጠን በላይ ሳያስጮኸው ያቆመዋል፤ ጥልቁን ሰማያዊ ግን ጥቂት ያደክመዋል። ከፊል አንጸባራቂው ሰማያዊውን ያድናል፤ በምትኩ የመብራት አሰቃቀል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእነዚህ ምስሎች የወረቀት ምርጫ ማለት የትኛው ቀለም ንጉሥ እንደሚሆን መወሰን ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ሚካኤል ጸጋዬ ነው። በሥዕል ተመርቆ በኋላ ወደ ፎቶግራፍ የተሻገረው ይህ የአዲስ አበባ ሰው «ቻዝምስ ኦቭ ዘ ሶል» በሚል የእንግሊዝኛ ርእስ ባቀረበው ተከታታይ ሥራ፣ በመቃብር ሐውልቶች ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናብ ያበላሿቸውን የሟቾች ፎቶግራፎች መልሶ አንሥቷል። ፊቶቹ ተሰንጥቀዋል፣ ደብዝዘዋል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ጠፍተዋል። ይህ ሥራ ስለ ወረቀት ለሚከራከሩ ሁሉ ዝምተኛ ፍርድ ነው። ለሟቹ ቤተሰቦች ፎቶግራፉ ከሐውልቱ ድንጋይ ጋር አብሮ እንዲኖር የተቀመጠ አደራ ነበር፤ ድንጋዩ ቆሞ ምስሉ ሄደ። መጥፋትን የሚያሳይ ምስል ራሱ እንዳይጠፋ በምን ወረቀት ይታተም? መልሱ በማያሻማ ሁኔታ የፒግመንት ቀለምና ኬሚካል የሌለበት ወረቀት ነው፤ ያለዚያ ኅትመቱ የሥራውን ርእስ ይደግመዋል።

የጅቡቲ አየርና የላቦራቶሪ ቁጥር

በወረቀትና በማተሚያ ማሸጊያዎች ላይ «100 ዓመት»፣ «200 ዓመት» የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። እነዚህ ቁጥሮች ውሸት አይደሉም፤ ነገር ግን የማን ቤት ቁጥር እንደሆኑ መጠየቅ ይገባል። በዚህ መስክ በሰፊው የሚጠቀሰው የሄንሪ ዊልሄልም የምርመራ ተቋም የዕይታ ዕድሜን የሚያሰላው በቀን ለ12 ሰዓት 450 ለክስ ብርሃን፣ 24 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ የአየር እርጥበት ባለበት ሁኔታ ነው። ይህ የተመቻቸ ቤት ነው። የካርቲየ 7 ቢስ ሳሎን ግን በሐምሌ ውጪው ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ ወደ ውጪው ሙቀት ይወረወራል። ካምሲን ሲነፍስ አቧራ ይገባል፤ ቀዝቀዝ በሚለው ወራት ደግሞ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ከ60 በመቶ ማለፉ የተለመደ ነው። አዲስ አበባም የራሷ ፈተና አላት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በመስኮቷ የሚገባው ፀሐይ አልትራቫዮሌት ይበዛበታል። እንግዲህ በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር አንዱን ወረቀት ከሌላው ለማወዳደር እንጂ በግድግዳ ላይ ያለውን ምስል ዕድሜ ለመተንበይ አያገለግልም።

እርጥበት በተለይ የሚያጠቃው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዳይ ቀለም ሲሆን፣ እርጥበት ሲበዛ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ የፊቱ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ መልኩም ይቀየራል። ሁለተኛው ምስሉ ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ እንደሆነ ነው። አንጸባራቂው ሽፋን ረጥቦ ሲደርቅ ከመስታወቱ ጋር ይዋሐዳል፤ ያን ጊዜ ምስሉን ለማዳን መሞከር ፊቱን መግፈፍ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በምስሉና በመስታወቱ መካከል ፓስፓርቱ፣ ማለትም ክፍተት የሚፈጥር የካርቶን ክፈፍ ማስገባት፤ አዲስ የታተመውንም ምስል ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ሳያደርቁ ፍሬም ውስጥ አለመክተት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት የተነገረው ለወጥ ሠሪ ብቻ አይደለም።

ለአታሚዎችም የሚሆን ማሳሰቢያ አለ። በሙቀት ውስጥ የቆየ የወረቀት ሣጥን በቀጥታ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ ቢታተምበት ወረቀቱ ይጣመማል፤ ጠርዙም የማተሚያውን ራስ እየነካ በቀለም ይበላሻል። ሣጥኑን ሳይከፍቱ የክፍሉን አየር እስኪለምድ ለሰዓታት ማቆየት ይገባል። የጥጥ ወረቀት ደግሞ ብናኝ አለው፤ ከመታተሙ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ካልተጠረገ ብናኙ ቀለሙን ይዞ ይወድቅና በጥቁሩ ፀጉር ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ካምሲን በሚነፍስበት ወር ይህ ሥራ በእጥፍ ያስፈልጋል።

ፍርዱ

አንዳንዶች «ፋይሉ ካለ ምስሉ ቢጠፋ እንደገና ይታተማል፤ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል የማይባል ነው። ርካሹ አንጸባራቂ ወረቀት ፎቶግራፍን ለድኻው ቤት ያደረሰ መሆኑም አይካድም፤ ከምንም አንድ ምስል ይሻላል። ነገር ግን ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ የይለፍ ቃል ይረሳል፤ ባሕር የተሻገረ ሰው ከነማስታወሻው ይጠፋል። የአዲስ አበባ ቤተሰቦች የቀድሞ ፎቶግራፎች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ለመታተም የበቁት በየቤቱ በወረቀት ላይ ተርፈው ስለተገኙ ነው። ወረቀት የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

እንግዲህ ፍርዱ በአጭሩ ይህ ነው። ለአልበምና ለእጅ ለእጅ ቅብብል በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት ነውር የለበትም፤ በፒግመንት ቀለም ከታተመና ከብርሃን ከተጠበቀ አደራውን ይወጣል። በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የሠርግ ወይም የወላጅ ምስል፣ በተለይም ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አብረው ላሉበት፣ ኬሚካል የሌለበት ከፊል አንጸባራቂ የጥጥ ወረቀት ከሁሉ ይመረጣል፤ ፊቱንም ነጠላውንም የሚያስታርቅ እርሱ ነውና። ያረጀ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ተጠግኖ እንደገና ሲታተም ሞቅ ያለ ነጭ ያለው ማት የጥጥ ወረቀት ይሻላል፤ ጥንታዊውን ምስል አዲስ ልብስ አልብሶ አያሳፍረውም። በጣም ሻካራው ወረቀት ለመልክዐ ምድር ይተው፤ በሰው ፊት ላይ ፈንጣጣ ይመስላል። በዳይ ቀለም ታትሞ «ለዘላለም የሚቆይ» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ሥራ ግን፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ክቡር ቢሆን፣ የገዢን አደራ መብላት ነው።

ገዢ ራሱን የሚከላከልበት ፈተናም አለ። አንድን ምስል ሁለት ጊዜ አሳትሞ አንዱን በኤንቨሎፕ ውስጥ በመሳቢያ ማኖር፣ ሌላውን በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ማዋል፣ ከስድስት ወር በኋላም ሁለቱን አጎራብቶ ማየት ነው። በዚህ ፈተና የነጠላው ነጭ ከቢጨ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ የፊቱ መልክ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ካጋደለ ጥፋቱ የቀለሙ ነው። ከየትኛውም ማሸጊያ ይልቅ የራስ ግድግዳ እውነቱን ይናገራል።

ከአታሚዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጠበቃል። የቀድሞ የብራና መጻሕፍት በብዛት የጸሐፊውንና ያጻፈውን ሰው ስም በውስጣቸው ይዘዋል፤ ጸሐፊው ለሥራው በስሙ ይዋሳል፣ አንባቢም የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ፎቶ ቤቶችና የጥበብ ምስል ሻጮችም በእያንዳንዱ ኅትመት ጀርባ በእርሳስ የወረቀቱን ስም፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የታተመበትን ዓመትና የአታሚውን ስም ቢጽፉ የሚያወጡት ወጪ የአንድ እርሳስ ዋጋ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ያንን ምስል ገልብጦ የሚያነብ የልጅ ልጅ ግን ማን እንዳከበረውና ማን እንዳታለለው ያውቃል።